ቀርከሃ ላይ ያለው ሚሊባግ የትኛው ነው? ከአንጓው እስከ ማይክሮስኮፕ

የቀርከሃ አንጓ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አይታችሁ ፎቶውን ለሰው ብትልኩ መልሱ ወዲያው ነው የሚመጣው። «ሚሊባግ ነው፣ የሳሙና ውሃ ርጩበት።» ምናልባት ልክ ናቸው። ሚሊባግ የተክል ጭማቂ የሚመጥ፣ ነጭ ሰም የለበሰ ትንሽ ነፍሳት ነው። ችግሩ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት ዝርያዎች ወደ 2000 ይጠጋሉ። ቀርከሃ ላይ የሚኖሩትም ብዙ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው በመልክም በጠባይም ይለያል።

ይህን የምጽፈው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። የምኖረው ፍሎሪዳ ነው። ከአንድ ችግኝ መሸጫ የገዛሁትን ቀርከሃ ጓሮ ተከልኩ። በሁለተኛው ዓመት አዳዲሶቹ ቡቃያዎች ክንድ ሳያህሉ መድረቅ ጀመሩ። አንዱን ቆርጬ ሽፋኑን ስገልጠው ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፎቶ ለጠፍኩ። አንድ ሰው «አንቶኒና ነው» አለኝ (አንቶኒና የአንድ የሚሊባግ ወገን ስም ነው)፣ እኔም አምኜ ብልቃጡ ላይ እንደዚያው ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ በአጉሊ መነጽር ሳየው ስድስት እግር አለው። አንቶኒና ደግሞ ካደገች በኋላ እግር የሚባል የላትም። በነጭ ሰሙ ተታልዬ ነበር። ሰም ልብስ ነው፣ ዝርያ የሚለየው ከልብሱ ስር ባለው ገላ ነው።

«ስሙ ምን ያደርግልኛል? ዋናው ማጥፋቱ ነው» የሚል ካለ የካሳቫን ታሪክ ልንገረው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሚሊባግ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ ገብቶ የኮንጎን አካባቢ ካሳቫ ይፈጀው ጀመር። ፈረንሳዊቷ የነፍሳት ተመራማሪ ዳንኤል ማቲል-ፌሬሮ በ1977 ፌናኮከስ ማኒሆቲ ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ ተመራማሪዎች የተፈጥሮ ጠላቱን ፍለጋ ወደ ሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። እዚያም ካሳቫ ላይ የሚመስለውን አገኙ፣ ግን ከሱ የተገኙት ጥገኛ ተርቦች (እጫቸው ሚሊባጉ ውስጥ አድጎ የሚገድለው) የአፍሪካው ላይ አልሠሩም። ለካ ያኛው ሌላ ዝርያ ነው! ትክክለኛው ፓራጓይ ውስጥ የተገኘው በ1981 ነው። ከዚያው የመጣችው ትንሽ ተርብ፣ አናጊረስ ሎፔዚ፣ ናይጄሪያ ላይ ተለቃ በአህጉሩ ተስፋፋች፣ ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረንም በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ሁለቱ ሚሊባጎች አንድ ተክል ላይ ነው የሚኖሩት፣ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ጠላታቸው ግን የተለያየ ነው። ስም ማወቅ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. የት መፈለግ እንዳለባችሁ እወቁ

ቅጠሉ ላይ አትድከሙ። የቀርከሃ ሚሊባግ መደበቅ ይወዳል። ግንዱን አቅፎ የሚይዘው ደረቅ ሽፋን አለ አይደል? እሱን በጣታችሁ ወይም በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ከአንጓው ላይ ገልጡት። በተለይ ቅርንጫፍ የሚወጣበትን አንጓ እዩ። ከመሬት ብቅ ያለ ቡቃያ ካለ ደግሞ ተደራርቦ የሸፈነውን አንድ በአንድ ላጡ። ከውጭ የሚጠቁሟችሁ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ግንዱ ላይ የሚመላለሱ ጉንዳኖች፣ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ላይ የበቀለ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ። ጉንዳኖቹ ለፈሳሹ ብለው ነው የሚመጡት። እነሱን ተከትላችሁ ብትሄዱ ብዙ ጊዜ ሚሊባጉ ጋ ያደርሷችኋል።

2. መጀመሪያ ሚሊባግ መሆኑን አረጋግጡ

ነጭ ሁሉ ሚሊባግ አይደለም። ቅጠሉ ስር እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ልባስ ካያችሁና ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ ካለው፣ የቀርከሃ ማይት ሊሆን ይችላል። ማይት ደግሞ ነፍሳት እንኳ አይደለም፣ ዘመዱ ሸረሪት ነው። ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ፣ ብርጭቆ የመሰለ አረንጓዴ ቢጫ ቅርፊት ከሆነ ስኬል የሚባለው ሌላው ዘመድ ነው። በእስያ ቀርከሃ ላይ ጥጥ የለበሱ ክሽክሾችም አሉ። ክሽክሽ እግሩ ቀጭንና ረጅም ነው፣ አንቴናውም ጎልቶ ይታያል፣ ስትነኩት ይንቀሳቀሳል። ሚሊባግ ሞላላ ወይም ድብልብል ነው፣ ሰውነቱ ለስላሳ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ሲሄድም ቀስ ብሎ ነው፣ ጭራሽ የማይሄድም አለ።

3. ሰሙን ገፈፍ አድርጉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃችኋል። ቀጭን መርፌ ወይም የውሃ ቀለም ብሩሽ ጫፉን አልኮል ነክራችሁ ሰሙን ከገላዋ ላይ ጥረጉ። እግር አላት? ሰውነቷ ምን ቀለም ነው? ለስላሳ ናት ወይስ ደርቃ ጠንክራለች?

እግር የላትም፣ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ወይን ጠጅ ናት፣ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጣለች ካላችሁ፣ የአንቶኒና ወገን መሆኗን ጠርጥሩ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እዩ፣ ደስ የሚል ነገር አለ። ከከረጢቱ ጫፍ እንደ ነጭ ክር የቀጠነ የሰም ቱቦ ወጥቶ ታገኛላችሁ። ነፍሳቷ ዕድሜዋን አንድ ቦታ ተጣብቃ ስለምትኖር፣ ያስወጣችው ጣፋጭ ፈሳሽ ራሷ ላይ እንዳይፈስ የምታርቅበት መንገድ ነው። ጉንዳን ቀድማ ካልወሰደቻት በስተቀር ጫፉ ላይ የተንጠለጠለች ጠብታ ማየት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ቀርከሃ ላይ የሚታወቁት አንቶኒና ፕሬቲዮሳ እና አንቶኒና ክራዊ ናቸው። ከውጭ አይለዩም፣ ስላይድ (ማይክሮስኮፕ ስር እንዲታይ መስታወት ላይ የተዘጋጀ ናሙና) ይፈልጋሉ።

እግር የላትም፣ ግን ክብ፣ ቡናማና ጠንካራ ናት፣ ሰሟም ያን ያህል አይደለም ከሆነ፣ ቼቶኮከስ ባምቡሴን አስቡ።

እግር አላት፣ ሞላላ ናት፣ ሰውነቷ ሮዝማ ነው፣ ቡቃያ ውስጥ ተጨናንቀው በብዛት ይኖራሉ ከሆነ ደግሞ ፓልሚካልተር ሉምፑሬንሲስ ልትሆን ትችላለች። እኔ ጓሮ ያለችው ይቺ ናት። ስሟ የመጣው ከማሌዥያዋ ኩዋላ ሉምፑር ነው። ይቺ እና ቼቶኮከስ ባምቡሴ ለፍሎሪዳ አዲስ ወራሪ ተብለው አብረው ሪፖርት የተደረጉት በ2004 ነው። ቡቃያ የምታደርቀው እሷ ስለሆነች፣ ጓሮዬ ላይ የሆነው ነገር ከመጀመሪያውም ወደሷ ይጠቁም ነበር።

ግን ተጠንቀቁ። እግር ያላቸው፣ ቀርከሃ ላይ የሚኖሩ ሌሎች ሚሊባጎችም አሉ። ይህ ደረጃ የት ጎራ እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል እንጂ ስም አይሰጣችሁም። ተክሉም ቢሆን ስም አይሰጥም። አንቶኒና ግራሚኒስ የሚባለው የሮደስ ሳር ሚሊባግ አለ፣ እሱም እግር የለውም፣ እሱም ሐምራዊ ነው፣ እሱም ክር አለው። ቀርከሃ ራሱ ደግሞ የሳር ዘመድ ነው። «ቀርከሃ ላይ አገኘሁት፣ ስለዚህ የቀርከሃ ሚሊባግ ነው» ማለት አያስኬድም።

4. ናሙና አያያዝ

በሕይወት ሳሉ ፎቶ አንሱ። አልኮል ውስጥ ከገቡ ሰሙም ቀለሙም ይሄዳል፣ ሐምራዊ ነበሩ ወይስ ሮዝ የሚለውን በኋላ ማንም አይነግራችሁም። ከዚያ ነፍሳቷን ከአንጓው በጥፍር አትፋቁ፣ አፏ እንደ ፀጉር የቀጠነ መርፌ ሆኖ ተክሉ ውስጥ ስለገባ ትቀደዳለች። አንጓውን ከነሽፋኑ ቁረጡና ቤት ወስዳችሁ በመርፌ ከሥሯ ቀስ ብላችሁ አንሷት።

ቢያንስ አሥር፣ ቢቻል ሃያ ያህል ሰብስቡ። ትንሹንም ትልቁንም ውሰዱ፣ ግን ለመለየት የምታስፈልጋችሁ ያደገችው ሴት ናት። ወንዱ ሲያድግ ክንፍ ያወጣል፣ ምግብ አይበላም፣ ለቀናት ብቻ ይኖራል፣ ሴቷን ጨርሶ አይመስልም። የዝርያ መለያ ቁልፎች (ደረጃ በደረጃ እያጠያየቁ ወደ ስሙ የሚያደርሱ ዝርዝሮች) በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት ባደገች ሴት ነው። ለስላይድ የሚሆኑትን 75 ወይም 80 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። ለዲኤንኤ የምታስቡ ከሆነ ጥቂቶቹን ለብቻ 95 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ።

አሁን ወረቀቱ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ ከነፍሳቷ እኩል የማየው ነገር ነው። በእርሳስ ጻፉ፣ ወረቀቱን ብልቃጡ *ውስጥ* ክተቱ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ከውጭ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ይወልቃል። እንጅባራ አካባቢ የሰበሰበ ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ኢትዮጵያ፣ አዊ ዞን፣ እንጅባራ አካባቢ። ከፍታ በሜትር፣ ጂፒኤስ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ደጋ ቀርከሃ፣ አንጓ ሽፋን ሥር። የሰብሳቢው ስም።»

የዘመን አቆጣጠሩን ግልጽ አድርጉ፣ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ቀልድ አይደለም። ቀርከሃውም ደጋ ይሁን ቆላ ጻፉ። የእንጅባራው፣ የማሻውና የጨንቻው ቀርከሃ ሌላ ነው፣ አሶሳ አካባቢ የምታገኙት ቆላው ሽመል ሌላ። ሁለቱ የተለያየ ወገን ናቸው። ብልቃጡ ውስጥ የቁጥር ኮድ ብቻ አስገብታችሁ ዝርዝሩን ደብተር ላይ አትተዉ፣ ደብተር ይጠፋል።

5. ስላይድ መሥራት

ይህ ትዕግሥት የሚፈልገው ክፍል ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ አየር የሚያስወጣ ላቦራቶሪ ያለው ሰው ጋ ሥሩት። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል፣ ጓንትና የዓይን መከለያ ሳታደርጉ እንዳትነኩት።

ነፍሳቷን ጎኗ ላይ፣ ደረትና ሆዷ በሚገናኙበት አካባቢ በቀጭን መርፌ ትንሽ ትከፍቷታላችሁ። ከዚያ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አድርጋችሁ ለብ ታደርጉታላችሁ። እንዳይፈላ! ከፈላ ገላዋ ይበጣጠሳል። የማይቸኩል ሰው ሳያሞቅ አሳድሮት ይመጣል፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ዓላማው ውስጧን አሟሙቶ ቆዳዋን ብቻ ማስቀረት ነው። ከዚያ በጠፍጣፋ ትንሽ ማንኪያ ሆዷን ከመሃል ወደ ቀዳዳው ጫን ጫን እያደረጋችሁ የቀረውን ታወጣላችሁ። በትክክል ከሠራችሁት መጨረሻ ላይ የምታገኙት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ከረጢት ነው። አንቶኒና እና ቼቶኮከስ ሲያረጁ ቆዳቸው ስለሚጠነክር ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ ገና ያደጉትን፣ ያልጠቆሩትን ምረጡ።

በውሃ ታጠቡ። ከዚያ አሲድ ፉክሲን የሚባል ቀለም ውስጥ እስኪቀሉ ታቆያላችሁ፣ ያለ ቀለም ምንም አይታይም። ቀጥሎ አልኮሉን ደረጃ በደረጃ ከ70 ወደ 95፣ ከ95 ወደ 100 በመቶ እያሳደጋችሁ ውሃውን ታስወጣላችሁ። ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት። አዎ፣ ወጥ ውስጥ የምናውቀው ቅርንፉድ። ዘይቱ ገላዋን ጥርት ያደርገዋል፣ ክፍሉንም እንደ በዓል ዋዜማ ያውደዋል። በመጨረሻ ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ካናዳ ባልሳም የሚባል ጥርት ያለ ሙጫ፣ ነፍሳቷን ጀርባዋን ወደ ላይ ዘርግቶ ማስቀመጥ፣ በቀጭኑ መስታወት መሸፈን። 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ማድረቂያ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። አንድ ስላይድ ላይ አንዲት ብቻ አድርጉ፤ ሁለት ዝርያ ተደባልቆ ቢገኝ ኋላ ራስ ምታት ነው።

6. ማይክሮስኮፕ ስር ምን ታያላችሁ

በመጀመሪያ አድጋለች ወይ? ከሆዷ ስር ወደ ኋላ የመራቢያ ስንጥቅ ካለ አድጋለች። ከሌለ ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ስላይድ አውጡ። ብዙ የተሳሳተ ስም የሚመጣው ይህን ካለማየት ነው።

ቀጥሎ አስተኔዋ። ሚሊባጎች ሱዶኮኪዴ የሚባል አስተኔ ውስጥ ናቸው። ምልክታቸው ቆዳው ላይ የተበተኑ፣ ሦስት ጉድጓድ ያላቸው፣ ሦስት ማዕዘን የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። ያ ሁሉ ነጭ ዱቄት የሚወጣው ከነዚህ ነው። ጀርባ ላይ ደግሞ ከንፈር የመሰሉ ስንጥቆች ይኖራሉ፣ ኦስቲዮል ይባላሉ። በጎን በኩል ጥንድ ጥንድ እሾህ የያዙ ነጥቦች አሉ፣ ሴራሪ ይባላሉ። ሁሉም በአንዷ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ቀርከሃ ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩት ብዙዎቹ አካላቸው ቀንሷል፣ እግርም፣ አንቴናም፣ ሴራሪም ጥለዋል። መቀመጫዋ አካባቢ ባለሦስት ማዕዘን የሆኑ ሁለት ክዳኖች ካያችሁ ግን ሚሊባግ አይደለችም፣ ለስላሳው ስኬል ነው።

ወገኑን ለመለየት እግርና አንቴናን እዩ። የአንቶኒና አንቴና ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ጉብታ ነው፣ እግር ያላቸው ሚሊባጎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ክፍል አላቸው።

ዝርያው ላይ ስትደርሱ ነገሩ ወደ ቀዳዳ ቆጠራ ይዞራል። ደረቷ ስር ሁለት ጥንድ መተንፈሻ ቀዳዳ አለ፣ በዙሪያቸው ያሉት ባለሦስት ጉድጓዶች ስንት ናቸው፣ እንዴት ተደርድረዋል? ብዙ ጉድጓድ ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ሆዷ ላይ ብቻ ናቸው ወይስ ደረቷም ላይ አሉ? ጀርባዋ ላይስ? ይህን ሁሉ በቃል አትያዙ፣ ሳሉት። የዘርፉ ሰዎች አሣሣል አላቸው፦ ነፍሳቷን መሃል ለመሃል በመስመር ይከፍሏታል፣ በግራ ጀርባዋን፣ በቀኝ ሆዷን ይሥላሉ። መጀመሪያ ይህን ስዕል ሳይ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ግን ፎቶ ከመቶ ቃል ይበልጣል ቢሉኝ ይህ ስዕል ከመቶ ፎቶ ይበልጣል እላለሁ፣ ምክንያቱም እጃችሁ ሲሥል ዓይናችሁ ሳያይ ያለፈውን ለማየት ይገደዳል። ደግሞ ከአንዲት በላይ ቁጠሩ። አምስት ስድስት ሴቶችን አይታችሁ «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ ጻፉ።

7. ስሙን መጻፍና መፈተሽ

ስኬልኔት የሚባል በኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ የመረጃ ቋት አለ። የደረሳችሁበትን ስም እዚያ ፈልጉ፣ ማን ሰየመው፣ ድሮ ምን ይባል ነበር፣ የት አገርና በምን ተክል ላይ ተገኘ የሚለውን ይነግራችኋል። ድሮ በሌላ ስም ይጠራ የነበረ ዝርያ እንደ አዲስ እንዳይመስላችሁ።

የሰያሚው ስም ቅንፍ ውስጥ መግባቱም ትርጉም አለው። አንቶኒና ፕሬቲዮሳ ፌሪስ ያለ ቅንፍ ይጻፋል፣ ፌሪስ በ1953 ሲሰይሙት ከመጀመሪያው አንቶኒና ብለው ስለነበር። ፓልሚካልተር ሉምፑሬንሲስ (ታካሃሺ) ግን በቅንፍ ነው፣ ታካሃሺ መጀመሪያ ሌላ ወገን ውስጥ አስገብተውት ስለነበር። የኛ እንሰት ሥር ሚሊባግም እንዲሁ ነው። ያቺው የካሳቫውን የሰየሙት ማቲል-ፌሬሮ ከእንግሊዛዊው ዊሊያምስ ጋር በ1999 ካቴኖኮከስ ኤንሴቴ ብለው አወጡት፣ ኋላ ፓራፑቶ ወደሚባለው ወገን ተዛወረ፣ ስማቸውም ቅንፍ ውስጥ ገባ። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ካቴኖኮከስ፣ ሌላው ፓራፑቶ ቢላችሁ ሁለት ተባይ አይደለም፣ አንድ ነው።

ዲኤንኤስ?

ጥሩ አጋዥ ነው፣ ምትክ ግን አይደለም። የምታወዳድሩበት በትክክል የተለየ ናሙና የዲኤንኤ መረጃ ቋት ውስጥ ከሌለ ውጤቱ ፊደል ብቻ ነው። ሌላም ወጥመድ አለው። ሚሊባጓ ውስጥ የተርብ እጭ ካለ የምታነቡት የተርቧን ዲኤንኤ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን ሳያጠፉ ዲኤንኤ የሚያወጡበት መንገድ አለ፤ ላቦራቶሪውን እሱን ጠይቁና ከዚያችው ነፍሳት ስላይድ ይሠራላችሁ።

ለማን ላሳየው?

ፍሎሪዳ ያላችሁ በየካውንቲው ያለውን የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ፣ ጋይንስቪል ያለው የግዛቱ የዕፅዋት ኢንዱስትሪ ክፍልም ነፍሳት ይለያል። ኢትዮጵያ ያላችሁ በአካባቢያችሁ ያለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ወይም አምቦ ያለውን የምርምር ማዕከል ሞክሩ። በሕይወት ያለ ነፍሳት ወይም እርጥብ ቀርከሃ ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ፣ የካሳቫው ጥፋት የጀመረው እንዲህ ባለ ጉዞ ሳይሆን አይቀርም። የሞተውን፣ አልኮል ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፈቃድ ጠይቃችሁ ላኩ።

የኔን ስላይድ ያየልኝ ባለሙያ ፓልሚካልተር ሉምፑሬንሲስ መሆኗን ሲያረጋግጥልኝ የመጀመሪያውን «አንቶኒና» የሚለውን ወረቀት ቀድጄ ልጥል ነበር። አስቆመኝ። ሙዚየም ውስጥ የድሮው ወረቀት አይጣልም፣ አዲሱ ከጎኑ ይጨመራል፣ ማን መቼ ምን ብሎ እንደለየው እንዲታይ። አሁን ብልቃጡ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ በእርሳስ፣ ከነቀናቸው።